ሄሊኮፕተር የሚገራው ጠረጴዛ ላይ ነው

በሪሞት የሚበር ሄሊኮፕተር ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ የወጣ ሰው ማሽኑ ተገልብጦ ብሌዱ ሲሰበር ጥፋቱን በጣቱ ላይ ያላክካል። እጄ ፈጠነ፣ ዐይኔ ዘገየ፣ ነፋስ መጣብኝ ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የመውደቁ ነገር ያለቀለት ከዚያ በፊት፣ ማሽኑ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። በቅጡ ያልተስተካከለ ሄሊኮፕተር ለዓመታት ያበረረን ሰው እንኳ ያስቸግራል። ልምድ ያለው ሰው ጉድለቱን በጣቱ ሸፍኖ ያሳርፈዋል፤ ጀማሪው ግን የማሽኑን ጥፋት ከራሱ ጥፋት መለየት ስለማይችል ከሁለቱም ሳይማር ይቀራል።

ለዚህ ምዕራፍ የመረጥነው 450 የሚባለውን መጠን፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራውን ነው። ይህን መጠን በዓለም ዙሪያ ካስለመዱት አንዱ የታይዋኑ አላይን ኩባንያ ቲ-ሬክስ 450 ነው። አንዱ ዋና ብሌድ 325 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሮተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ባለ ሦስት ሴል ከሆነ 11.1 ቮልት የሊትየም ፖሊመር ባትሪ ነው። ከዚህ የሚያንሱት በትንሽ ነፋስ ይንገላታሉ። የሚበልጡት ይበልጥ የረጉ ናቸው፣ ግን ዋጋቸውም አደጋቸውም አብሮ ያድጋል።

ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው ለጀማሪ የታሰቡ አይደሉም። ማሽኑ የተነደፈው ሄሊኮፕተሩን ገልብጦ ለሚያበር፣ በአየር ላይ ለሚያሽከረክር ሰው ነው። ብሌዱ ወደ ላይ 11 ዲግሪ፣ ወደ ታችም 11 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ሮተሩ በደቂቃ 2,800 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሽከረከራል። ይህን ያየ ጀማሪ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ «ሁሉንም ላድክመው» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ለጀማሪ ፈረሰኛ የሚመረጠው የተገራ ፈረስ እንጂ የደከመ ፈረስ አይደለም፤ የደከመው ይደናቀፋል። ሄሊኮፕተሩም ጉልበቱ ሊኖረው ይገባል። የሚፈለገው አብራሪው ያላዘዘውን ነገር እንዳያደርግ፣ ያዘዘውንም በታዘዘው ልክ ብቻ እንዲያደርግ ነው።

ነገሩ ከባድ የሆነው ሄሊኮፕተር በተፈጥሮው የማይረጋ ስለሆነ ነው። በደንብ የተሠራ የአውሮፕላን ሞዴል መሪውን ሲለቁት ራሱን አቃንቶ ወደ ፊት ይሄዳል። የሚያንዣብብ ሄሊኮፕተር ግን ትንሽ ካዘነበለ ወዳዘነበለበት ይንሸራተታል፣ እየተንሸራተተ ይፈጥናል፣ የሚያቆመውም ሰው ብቻ ነው። አብራሪው ተቃራኒውን ያዝዛል፤ ቆሞ እንዳይመለስበት ደግሞ የተቃራኒውን ተቃራኒ ያዝዛል። ጀማሪን የሚጥለው ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ነው፤ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል።

መረጋጋትን በማሽኑ ውስጥ መትከል የሚቻለው እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ከፈቱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው አርተር ያንግ ነው። ከ1928 ጀምሮ በትንንሽ ሞዴሎች ሲሞክር ኖሮ፣ ጫፎቹ ላይ ክብደት ያለው ዘንግ ከሮተሩ ጋር አብሮ እንዲዞር አደረገ። የሚሽከረከር ክብደት የሚዞርበትን ደረጃ በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ የሄሊኮፕተሩ አካል ሲያዘነብል ዘንጉ ባለበት ይቆይና በማያያዣዎቹ በኩል የብሌዶቹን ማዕዘን ለውጦ ሮተሩን ይመልሰዋል። ያንግ በ1941 ወደ ቤል ኩባንያ የገባው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞዴሉን አብርሮ አሳይቶ ነው። ከዚያ የተወለደው ቤል 47 ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ሆነ፤ መጋቢት 1946 በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ዛሬ ሞዴሉን የትልቁ ሄሊኮፕተር መጫወቻ ቅጂ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። ጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር በ1970 አካባቢ በሬዲዮ የሚታዘዝ ሄሊኮፕተርን እውን ሲያደርግም፣ ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት፣ አብዛኞቹ ሞዴሎች ፍላይባር የተባለውን ይህን ዘንግ ተሸክመው በረሩ። አሁን ቦታውን የያዘው የእያንዳንዱን አቅጣጫ ዙረት የሚለካ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ ግን አንድ መጥፎ ልማድ አስከትሏል፤ ሰው መካኒኩን ትቶ በቁጥር መፈወስ ለመደ። ጭራው ሲንቀጠቀጥ ዙረትን የሚለካውን የጃይሮውን ቁጥር መቀነስ፣ ማሽኑ ሲያዘነብል የእጀታውን መሐል የሚያዛውረውን ትሪም መግፋት። ይህ በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን ብቻ ማብረድ ነው። መጀመሪያ የሚነሣው ብሩጎላና ፒንሳ ነው፤ ሪሞቱ ከዚያ በኋላ ይከፈታል።

ከሁሉ በፊት ከሞተሩ ከሚወጡት ሦስት ሽቦዎች ቢያንስ ሁለቱ ይነቀሉ። ሰርቮዎቹ፣ የሪሞቱን ትእዛዝ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጡት ትንንሽ ሞተሮች፣ ይሠራሉ፣ ሪሞቱም ይታዘዛል፣ ሮተሩ ግን አይዞርም። በደቂቃ 2,300 ጊዜ የሚዞር የ70 ሴንቲ ሜትር ሮተር ጫፉ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በእነዚህ ማሽኖች ሰው የሞተበት አጋጣሚ አለ፤ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆች አጠገብ፣ በስህተት የተነካ እጀታ በቂ ነው። ሌላም ልማድ አለ፤ ሁልጊዜ ሪሞቱ ቀድሞ ይበራል፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ይጠፋል።

ከዚያ ፍተሻ። ብረት ከብረት ጋር የሚገጥምበት ብሎን ሁሉ ይፈታል፣ ዘይቱ ይጠረጋል፣ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ቀምሶ ይመለሳል። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባውን አይቀቡትም፤ ማጣበቂያው ፕላስቲክን ይሰነጥቃል። ፋብሪካ ገጥሞታል ብሎ መተው አያዋጣም። ኩሽኔታዎቹ በጣት ሲዞሩ አሸዋ የገባባቸው ያህል የሚያንኳኩ ከሆነ ይለወጣሉ። ሰርቮውን ከስዋሽፕሌቱ፣ ትእዛዙን ወደሚዞሩት ብሌዶች ከሚያሻግረው ሳህን፣ የሚያያይዙት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ኳስ የሚይዝ ፕላስቲክ አላቸው፤ ዘንጉ አንዱ ጫፉ ተነቅሎ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። ከጠበቀ ሰርቮው ትንንሽ ትእዛዞችን ይውጣቸዋል፤ ማሽኑ እንቢ ብሎ ይቆይና ድንገት ይዘላል። ጀማሪው ይህን «ሄሊኮፕተሩ ቁጡ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። መድኃኒቱ ኳሱ በውስጡ እንዳለ ፕላስቲኩን በፒንሳ ቀስ ብሎ ጨመቅ ማድረግ ነው። ሲጨመቅ ግን በልክ ነው፤ ልል የሆነ ማያያዣም የራሱ ጣጣ አለው።

ብሌዶቹ ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋሉ፣ ይገባቸዋልም። ቁጥሩን እናስላው። 25 ግራም የሚመዝን ብሌድ የክብደቱ መሐል ከዋናው ዘንግ 20 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በደቂቃ 2,300 ዙር ሲሽከረከር የሮተሩን ራስ ወደ ውጭ የሚስብበት ኃይል ከ30 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር እኩል ይሆናል። ሁለቱ ብሌዶች እኩል ከሆኑ ኃይሎቹ ይጣጣላሉ። አንደኛው ጫፉ አካባቢ በአንድ ግራም ቢከብድ ግን የማይጣጣለው ትርፍ ሁለት ኪሎ ግራም ይጠጋል፣ እሱም በሰከንድ 38 ጊዜ ማሽኑን ወዲህና ወዲያ ይጎትታል። ስለዚህ መጀመሪያ የየብሌዱ የክብደት መሐል በእርሳስ ጠርዝ ላይ ተመዝኖ ይፈለጋል፤ የማይገጥሙ ከሆነ ቀለል ካለው ጫፍ ወይም ሥር ላይ ተለጣፊ ፕላስተር እየተጨመረ ይቀራረባል። ቀጥሎ ሁለቱ በኩሽና ሚዛን ሳይሆን የግራም አንድ አሥረኛን በሚለይ ሚዛን ይለካሉ፤ የጎደለው መሐሉ ላይ በሌላ ፕላስተር ይሞላል። መንቀጥቀጥ የሚያስቀይመው ዐይን ብቻ አይደለም። በጃይሮው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መለኪያዎች ንዝረትን ከእውነተኛ ዙረት ጋር ይቀላቅላሉ፤ ያልተመጣጠነ ብሌድ የሚያሳብቀው ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት በሚወዛወዝ ጭራ ነው።

ብሌዶቹን የሚይዘው ቀጭን ዘንግ በመስታወት ላይ ተንከባሎ መታየት አለበት፤ የጎበጠ ከሆነ ብርሃን ከሥሩ ብቅ ጥልቅ ይላል። አንድ ጊዜ የወደቀ ማሽን ላይ ይህ ዘንግ ጎብጦ መገኘቱ የተለመደ ነው፣ ርካሽም ነው፤ ዐይንን ሳያሹ መቀየር።

አሁን ወደ ጂኦሜትሪው። እጀታዎቹ ሁሉ መሐል ሲሆኑ የሰርቮዎቹ ክንድ ከዘንጎቻቸው ጋር ዘጠና ዲግሪ ይሠራል፤ ስዋሽፕሌቱ ከዋናው ዘንግ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይይዛል፤ ብሌዶቹ ዜሮ ዲግሪ ላይ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ በመካኒክ ብቻ፣ በዘንጎቹ ርዝመትና በክንዶቹ ጥርስ፣ መገኘት አለባቸው። የሰርቮው ክንድ በጥርስ መዝለል የተነሣ ትንሽ ሲቀር ብቻ በሪሞቱ መሙላት ይፈቀዳል። ክንዱ ዘጠና ዲግሪ ካልሆነ ወደ አንድ በኩል የሚሄደው እንቅስቃሴ ከሌላው ይበልጣል፤ ሦስቱ ሰርቮዎች በ120 ዲግሪ ርቀት ተባብረው ስዋሽፕሌቱን ስለሚያነሡ ልዩነቱ ሲነሣ ወደ ጎን የሚጎትት ማሽን ይፈጥራል። አብራሪው ወደ ላይ ብቻ ሲያዝዝ ማሽኑ ወደ ቀኝም ይሄዳል፤ ጀማሪ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማረም የለበትም። የብሌዱ ማዕዘን፣ ፒች የሚባለው፣ የሚለካው በፒች ጌጅ ነው፤ አሁን የመጣው ዲጂታሉ ቢሆንም የድሮው ባለ ሚዛን ፕላስቲክም ይበቃል። ማሽኑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ራሱ በውሃ ልክ ይፈተሽ።

የማሽኑን ቅልጥፍና መቀነስ ሲፈለግ ፍላይባር ባለውና በሌለው መካከል ልዩነት አለ፤ ብዙ መመሪያዎች ይህን አይለዩትም። ፍላይባር ባለው ላይ የሚመረጠው መንገድ ኳሱን በሰርቮው ክንድ ላይ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ማስገባት ነው። በሪሞቱ ውስጥ እንቅስቃሴውን በግማሽ መቁረጥ ሰርቮው ካለው ጥራት ግማሹን መጣል ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከእንቅስቃሴው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ይሆናል። አጭር ክንድ ግን ሰርቮው ሙሉ ጉዞውን እየሄደ ስዋሽፕሌቱን በጥቂቱና በጉልበት እንዲያንቀሳቅስ ያደርጋል። በፍላይባሩ ጫፎች ላይ ያሉት ሰፌዶች ከበድ ያሉ ቢሆኑ፣ ወይም በዘንጉ ላይ ትንንሽ ክብደቶች ቢጨመሩ፣ ማሽኑ ይበልጥ ይረጋል። ፍላይባር በሌለው ላይ ግን ይህ አይሠራም። ኤሌክትሮኒክሱ ማሽኑን ለመያዝ ሙሉ የስዋሽፕሌት እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ ክንዱን ካሳጠሩበት እጁን ማሰር ነው። እዚያ የሚቀነሰው ሳጥኑ ለእጀታው የሚሰጠው የዙረት ፍጥነት ነው። ለጀማሪ በሰከንድ 120 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ማሽኑን ከመንሸራተቱ ማቆም ራሱ ጊዜ ይፈጃል።

በሳጥኑ ላይ የማይዘለል አንድ ፍተሻ አለ። ሄሊኮፕተሩን በእጅ አንሥቶ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፉት ስዋሽፕሌቱ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት፤ ወደ ቀኝ ሲያጋድሉት ወደ ግራ። አፍንጫውን ወደ ግራ ሲያዞሩት የጭራው ሰርቮ አብራሪው ወደ ቀኝ ሲያዝዝ ወደሚሄድበት ይሄዳል። አንዱ ከተገለበጠ ማሽኑ ስህተትን ከማረም ይልቅ ያባዛዋል፤ ከመሬት በተላቀቀበት ቅጽበት ይሽከረከራል ወይም ይገለበጣል፣ የማንም ጣት አይደርስበትም።

ወደ ፒችና ወደ ሞተሩ ጉልበት ስንመጣ ጀማሪው ትልቁን ጥቅም የሚያገኝበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የግራው እጀታ በአብዛኛው ሪሞት ላይ ሁለት ነገር ያዝዛል፤ የሞተሩን ጉልበትና የሁለቱን ብሌዶች የጋራ ማዕዘን። ሁለቱ እንዴት እንደሚያድጉ በአምስት ነጥብ ይወሰናል። ጠረጴዛ ላይ የተገኘው የመሐሉ ዜሮ የመካኒኩ መነሻ ነው፤ ለበረራ ግን ለፒቹ የምመርጠው ከታች −2፣ መሐል ላይ +5፣ ከላይ +9 ዲግሪ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ነጥቦች መሐል መሐላቸው ይገባሉ። የታችኛው ቁጥር ላይ ቆም እንበል። የደነገጠ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ እጀታውን እስከ ታች ይጎትታል። የታችኛው −10 ከሆነ ማሽኑ በሮተሩ ጉልበት መሬት ውስጥ ይሰካል፤ ብሌዱም ታጥፎ ጭራውን ሊቆርጥ ይችላል። ዜሮ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ባለበት ቀን አልወርድ ይላል፣ መሬት ከነካም በኋላ ይንሳፈፋል። −2 ድንጋጤውን ችሎ ማሽኑን ቀስ ብሎ ያወርደዋል። በመሐሉና በላይኛው መካከል ያለው ልዩነት አራት ዲግሪ ብቻ መሆኑም ከከፍታ ጋር የሚደረገውን ትግል ያለዝባል።

አይድል-አፕ የሚባለው ማብሪያ፣ እጀታው ታች ቢሆንም ሮተሩን በሙሉ ፍጥነት የሚያቆየው፣ ለጊዜው ከሪሞቱ ይታገድ። ሞተሩን ባለበት የሚያጠፋው ማብሪያ ግን ጣት በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ማሽኑ መውደቁ የማይቀር ሲሆን ይህ ማብሪያ ብሌድ ብቻ የሚሰበርበትን አደጋ ሁሉ ነገር ከሚሰበርበት ይለያል።

ስለ ሮተሩ ፍጥነት ቀደም ሲል የጀመርኩትን ልጨርስ። በደቂቃ 2,800 የነበረው ወደ 2,300 ቢወርድ የሮተሩ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚለወጥ ምላሹ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ ይህ ለጀማሪ ደስ የሚል ለውጥ ነው። ድምፁ ይለዝባል፣ ባትሪውም ትንሽ ይቆያል። «እንግዲያው 1,700 ይሁን» የሚል ግን ይሳሳታል። የጭራው ሮተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከዋናው በጥርስ ወይም በቀበቶ ነው፤ ዋናው ሲዘገይ ጭራውም ይዘገያል፣ አፍንጫውን የሚይዝበት ኃይል ያጣል። ብሌዶቹም በሴንትሪፉጋል ኃይል ካልተወጠሩ ይለሰልሳሉ፣ ማሽኑ እንደ መንገዳገድ ይላል። ለእጅ የሚመች ፍጥነት የሚገኘው ከመሐል አካባቢ ነው።

ሌላው ነገር ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው አንድ መሆኑ ነው። ሙሉ የተሞላ ባለ ሦስት ሴል ባትሪ 12.6 ቮልት ነው፤ በረራው ሲያልቅ 11 አካባቢ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ፍጥነት ቮልቴጁን ተከትሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ ጀማሪው በአንድ ባትሪ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች ያበራል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ዙሩን እኩል የሚያቆይ ገቨርነር ካለው ይህ ችግር በአንድ ምርጫ ይፈታል። ከሌለው የሞተሩ መስመር ከመሐል በኋላ ብዙም እንዳይወጣ፣ ለምሳሌ 0፣ 45፣ 65፣ 70፣ 75 ሆኖ፣ ይስተካከልና ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ላይ ይሞላ።

ቁጥሮቹን እንዳሉ ገልብጦ አዲስ አበባ ላይ ለሚጠቀም ሰው ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላይ በ2,300 ዙር በ5 ዲግሪ ያንዣበበ ማሽን እዚህ ወይ 6 ዲግሪ ገደማ ፒች፣ ወይ ከ2,550 በላይ ዙር ይፈልጋል። እኔ ዙሩን አስቀድማለሁ፤ ፒቹን መጨመር ለሞተሩ ሸክም ነው፣ ሳስቶ ያለው አየርም ሞተሩን እንደልብ አያቀዘቅዘውም። ፈቃድን በተመለከተ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው አልባ በራሪ ዕቃ ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ይጣራ። አሜሪካ ያለው ወገናችንም ነፃ አይደለም። ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ማሽን በፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር ይመዘገባል፣ ለመዝናናት የሚያበርም ሰው አጭር የደኅንነት ፈተና ያልፋል። ከዋሽንግተኑ ሬገን አየር ማረፊያ በ15 ማይል ክልል ውስጥ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም አይበርም፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንባቢዎች ከከተማ ወጣ ማለታቸው የግድ ነው።

ኤክስፖ የሚባለው ቅንብር እጀታው መሐል አካባቢ ሲነካ ምላሹን ያለዝባል፣ ወደ ዳር ሲሄድ ያከርረዋል። 30 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። 60 ያደረገ ሰው መጀመሪያ ይደሰታል፤ ነፋስ ገፍቶት ሰፋ ያለ ትእዛዝ ሲሰጥ ግን ማሽኑ ያልጠበቀውን ያህል ይነጥቃል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በፉታባ ሪሞት የሚያለዝበው የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ነው፤ በስፔክትረምና በጄአር የመደመሩ ነው። ከሌላ ሰው ሪሞት ላይ ቁጥር የገለበጠ ሰው ማሽኑን አለሳለስኩ ብሎ ያሳብደዋል።

የጭራው ጃይሮ ሁለት ባሕርይ አለው። አንደኛው ዙረትን ብቻ ይቃወማል፤ ሁለተኛው፣ ሄዲንግ ሆልድ የሚባለው፣ አፍንጫው የነበረበትን አቅጣጫ አስታውሶ ይመልሰዋል። የሚበረረው በሁለተኛው ነው፤ ሰርቮውና ዘንጉ የሚገጠሙት ግን በአንደኛው ነው፤ ምክንያቱም በሄዲንግ ሆልድ ሰርቮው ጠረጴዛ ላይ መሐሉን አይዝም፣ ወደ አንድ በኩል ይሄድና ይቀራል። ይህን አይቶ ጃይሮው ተበላሽቷል ያለ ሰው ብዙ ነው። የጃይሮውን ኃይል ደግሞ በአየር ላይ ጭራው በፍጥነት ወዲያ ወዲህ ማለት እስኪጀምር ድረስ ከፍ አድርጎ፣ ከዚያ ጥቂት መቀነስ ነው።

ባትሪው ሲታሰር ሄሊኮፕተሩን በሮተሩ ራስ ላይ በሁለት ጣት ያንጠልጥሉት። ብሌዶቹ ወደ ጎን ሆነው አካሉ ደረጃውን ጠብቆ ከተንጠለጠለ ጥሩ ነው፤ አፍንጫው ከወደቀ ባትሪው ወደ ኋላ ይሳብ። የመለማመጃው እግር፣ አራት ረዣዥም ዘንግና ኳስ ያለው፣ የሚገጠመው ከዚህ ፍተሻ በፊት ነው፤ እሱም ክብደት አለው።

ሜዳው ለስላሳ ወለል ቢሆን ይመረጣል፤ ሣር እግሩን ይዞ ይገለብጣል። ቦታው ላይ አምስት ሜትር ያህል ከኋላ ቆሞ፣ ጭራው ወደ አብራሪው ሆኖ፣ ሮተሩ ቀስ ብሎ ይነሣል። በአንደኛው ብሌድ ጫፍ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ተለጥፎ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ደረጃ መሄዳቸው ከርቀት ይታያል። አንዱ ከፍ ብሎ ከሄደ ሞተሩ ይቆማል፣ የዝቅተኛው ብሌድ ዘንግ በግማሽ ዙር ይረዝማል፣ እንደገና ይሞከራል። ለማየት ብሎ አንገትን በሮተሩ ደረጃ ማስጠጋት ፈጽሞ አይደረግም።

መጀመሪያ የሚደረገው ሳያነሡ መንሸራተት ነው፤ ማሽኑ ቀለል ሲል በመሬት ላይ ወዲህ ወዲያ ይወሰዳል፣ ጣትም ትእዛዙን ይለምዳል። ይህን ቀድሞ በኮምፒውተር ሲሙሌተር የተለማመደ ሰው ብዙ ብሌድ ያተርፋል። ሲነሣ ግን የሮተሩ ነፋስ ከመሬት እየተመለሰ በሚያናውጠው በጉልበት ቁመት ላይ ማቆየት ስህተት ነው። ጀማሪ ከፍታን ስለሚፈራ እዚያው ይቀራል፣ ከራሱ ነፋስ ጋር ይታገላል። ወደ ደረት ቁመት ሲወጣ ማሽኑ ራሱ ይረጋል።

እዚያ ሲያንዣብብ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይታያል። ትሪሙን ለመንካት የሚቸኩል ሰው ይታገሥ። አብዛኞቹ ሞዴሎች ሮተራቸው ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ አካሉ በተቃራኒው እንዳይሽከረከር የጭራው ሮተር ጭራውን ወደ ግራ ይገፋል፣ ይህም ግፊት ማሽኑን በሙሉ ወደ ግራ ይወስደዋል። ባለበት እንዲቆም ሮተሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ማዘንበል አለበት። ጤናማ ነው። ፍላይባር በሌለው ማሽን ላይ ደግሞ ትሪም መንካት ከነአካቴው የተከለከለ ነው፤ ሳጥኑ ትሪሙን የማያቋርጥ የመዞር ትእዛዝ አድርጎ ይረዳዋል።

ባትሪው ሲያልቅ ሞተሩን በእጅ ይንኩት፤ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ፒቹ በዝቷል ወይም አንድ ነገር እየታሸ ነው። ብሎኖቹ እንደገና ይታያሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ለውጥ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይሁን፣ ቁጥሩም ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሦስት ነገር ለውጦ የተሻሻለ ሰው የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም። ሙሉ ባትሪ ጭራው ወደራሱ ሆኖ በሁለት ሜትር ክልል ውስጥ ማቆየት የቻለ ሰው የዙረቱን ፍጥነት በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ይችላል፤ የታችኛዋን −2 ግን ለብዙ ወራት አይንካት። የመለማመጃው እግር የሚወልቅበት ቀን ደግሞ የዙረቱ ፍጥነት ቁጥር ተመልሶ ዝቅ ይበል። ከአካሉ ርቀው የተዘረጉት እነዚያ ዘንጎች ማሽኑን ሳይታወቅ ያከብዱት፣ ያዘገዩትም ነበር፤ ሲወልቁ በዚያው ቅንብር ይበልጥ ይፈጥናል፣ ሚዛኑም ይለወጣል። ባትሪው በጥቂት ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ፣ የሮተሩ ራስ በሁለት ጣት እንደገና መንጠልጠል ይኖርበታል።